«ሳይንስ ያንቺ ነው፣ የኔ አይደለም» አለችኝ

የአንባቢ ደብዳቤ

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ለብዙ ጊዜ ሳነብ ቆይቻለሁ። የራሴን ጉዳይ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

የምሠራው በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ነው። የልጆች ክፍል የኔ ኃላፊነት ነው። የተማርኩት ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው። ሳይንስን ተማሪ እያለሁ ፈርቼ ነው የሸሸሁት። ክፍሉን ስረከብ አንድ ነገር አሳዘነኝ። የተረት መጻሕፍቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞሩ ጠርዛቸው ተበልቷል፣ ገጻቸው ተለጣጥፏል። የሳይንሶቹን ግን ከመጡበት ቀን ጀምሮ የነካቸው ያለ አይመስልም።

ይህን ለመለወጥ ቅዳሜ ቅዳሜ «የሳይንስ ሰዓት» ጀመርኩ። የመጀመሪያው ቀን አዳራሹ ጢም አለ። አረፋ የሚገነፍልበት «እሳተ ገሞራ» ሠራሁ፤ ልጆቹ በጩኸት ቤቱን ሊያፈርሱት ደረሱ። በሳምንቱ ሌላ ትርዒት አሳየሁ። ከዚያ የማሳየው እያለቀብኝ መጣ። አንድ መሐንዲስ ለምኜ አመጣሁ። ሰውየው ደግ ነው፤ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ በስላይድ ሲያስረዳ ልጆቹን እንቅልፍ ጣላቸው። አሁን የሚመጡት አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ናቸው። ወላጆች «ለፈተና ይጠቅማቸዋል?» ይሉኛል። የምመልሰው ይጠፋኛል። አለቃዬም ቁጥሩ ካልጨመረ አዳራሹ ለሌላ ነገር እንደሚፈለግ በትህትና ነግሮኛል።

ጥያቄያቸውም ያስፈራኛል። አንዱ ልጅ «ሻማው ሲያልቅ ሰሙ የት ሄደ?» አለኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ላብ አሰመጠኝ። «ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን» ብዬ አለፍኩት። ከዚያ ወዲህ ልጅ እጁን ሲያወጣ ልቤ ድንግጥ ይላል።

ከሁሉ በላይ ግን የሚያብሰለስለኝ የልጄ ነገር ነው። አሥር ዓመቷ ነው። ትንሽ እያለች «ለምን» ማለት አይሰለቻትም ነበር። ቅዳሜ ይዣት እሄዳለሁ፤ እሷ ከኋላ ተቀምጣ ሥዕል ትሥላለች። ባለፈው ወደ ቤት ስንመለስ «እማዬ፣ ሳይንስ ያንቺ ነው፣ የኔ አይደለም። እሱ ለጎበዞች ነው» አለችኝ። የሰው ልጆችን ሳይንስ ላስወድድ ስሮጥ የራሴን ልጅ አጣኋት? ልቀጥል ወይስ ልተወው?

ግራ የገባት እናት

መልስ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። ልጅሽን አላጣሻትም። «ያንቺ ነው፣ የኔ አይደለም» ብላ የልቧን የምትነግርሽ ልጅ ከእናቷ አልራቀችም። የራቀ ልጅ ዝም ነው የሚለው። ስለ እሷ ቆይቼ እመለሳለሁ። የቅዳሜውን ነገር ሳንፈታ የእሷን መፍታት የምንችል አይመስለኝም።

ልቀጥል ወይስ ልተወው ብለሻል። እኔ ቀጥዪ ነው የምልሽ። አሁን በያዝሽው መንገድ ግን አይደለም።

በደብዳቤሽ ውስጥ እንደ ውርደት ያነሳሽው ነገር አለ፤ የሻማው ጥያቄ። እኔን ከደብዳቤሽ ሁሉ ደስ ያለኝ እሱ ነው። ያ ልጅ እሳተ ገሞራውን አይቶ ጮኾ አልሄደም። አንድ የተለመደ ነገር አይቶ ገረመው፤ አስቦ ጠየቀ። አንቺ ፕሮግራሜ ከሸፈ ባልሽበት ጊዜ ፕሮግራምሽ ሥራውን እየሠራ ነበር።

ደግሞ የጠየቀው ተራ ጥያቄ አይደለም። ለንደን የሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን እ.ኤ.አ. በ1825 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በገና ሰሞን ለወጣቶች የሳይንስ ንግግር ማዘጋጀት ጀመረ። ዛሬም ድረስ አለ። ማይክል ፋራዴይ የተባለው ታላቅ ሳይንቲስት ይህን መድረክ 19 ጊዜ መርቶታል። በጣም የታወቀለት ግን ስለ ሻማ የተናገረው ነው። ስለ ሻማ ብቻ ስድስት ንግግር! ያ ልጅ የጠየቀሽን ነው ፋራዴይ ለልጆች ሲፈታ የነበረው።

መልሱን ላንቺ ልንገርሽ። ሰሙ የሄደው ወደ አየር ነው። የእሳቱ ሙቀት ሰሙን ያቀልጠዋል። የቀለጠው ሰም በክሩ ውስጥ ወደ ላይ ይሳባል። ጫፉ ጋ ሲደርስ ወደ ትነት ይለወጣል። የሚነደው ያ ትነት ነው። ሲነድ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ ተን ይሆናል። ሁለቱም በዓይን አይታዩም። ስለዚህ ልጁ «ጠፋ» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ይህን ግን እንዳትነግሪው። አሳዪው። ነፋስ እንዳይገባ በርና መስኮት ዝጊ። ሻማውን ለኩሺና ለጥቂት ደቂቃ ይንደድ። ከዚያ እፍ ብለሽ አጥፊው። ከክሩ ጫፍ ነጭ ጭስ እየተጥመለመለ ይወጣል። ወዲያው የሚነድ ክብሪት ወደ ጭሱ አስጠጊ። ክሩን አትንኪው፤ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጊው። እሳቱ በጭሱ ላይ ዘሎ ይወርድና ሻማው መልሶ ይበራል። ያ ጭስ የመሰለን ነገር ገና ያልነደደ ሰም ነው። ቀጥለሽ ቀዝቃዛና ደረቅ ብርጭቆ ከነበልባሉ በላይ ገልብጠሽ ለአፍታ ያዢ። ውስጡ ጉም ይለብሳል። «ይሄ ውሃ ከየት መጣ?» በያቸው፤ ከዚያ አንቺ ዝም በዪ። እሳቱ ከእጅሽ አይውጣ፣ ውሃ አጠገብሽ ይኑር፣ ረጅም ጸጉር ያላቸው ልጆች ወደ ኋላ ይያዙት። አንድ ቀን ቀደም ብለሽ ብቻሽን ሞክሪው፤ መጀመሪያ ላይ እምቢ ሊልሽ ይችላል።

መጽሐፉ የሚወጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ጉም እያዩ፣ መልስ እያማራቸው ባለበት ሰዓት፣ ስለ እሳትና ስለ አየር የሚያወራውን ገጽ ክፈቺላቸው። ከምክሬ የምትይዢው አንድ ነገር ብቻ ቢሆን ይህን ያዢ፤ ጥያቄው ይቅደም፣ መጽሐፉ ይከተል። መደርደሪያሽ አቧራ የለበሰው መጻሕፍቱ መጥፎ ስለሆኑ አይመስለኝም። ማንም ያልጠየቀውን ስለሚመልሱ ነው።

«የማላውቀውን ቢጠይቁኝስ?» ትዪኝ ይሆናል። ይጠይቁሻል እንጂ! «አላውቅም፤ ኑ አብረን እንፈልገው» በያቸው። አንድ አዋቂ ሰው ሳያፍር አላውቅም ሲል ማየት ለልጅ ትልቅ ነገር ነው። ባንቺ ቦታ ስለነበረች ሴት ልንገርሽ፤ የምጀምረው ግን ከፋራዴይ ነው። ፋራዴይ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤት ብዙም አልገባም። በልጅነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሙያ ሲማር ለጥረዛ የመጡትን ያነብ ነበር። ካነበባቸው አንዱ በ1806 የታተመ የኬሚስትሪ መጽሐፍ ነው። ጸሐፊዋ ጄን ማርሴት ሳይንቲስት አልነበረችም። ሃምፍሪ ዴቪ የተባለውን ኬሚስት ንግግር ሄዳ ስትሰማ ነገሩ ተምታታባት። ከወዳጇ ጋር ቁጭ ብላ ስትወያይበትና ሙከራዎቹን ስትደጋግማቸው ግን ገባት። ስለዚህ መጽሐፏን በጭውውት መልክ ጻፈችው። አንዲት አስተማሪና ሁለት ልጃገረዶች ይጠያየቃሉ፣ ይከራከራሉ። ፋራዴይ በ1812 የዚያኑ ዴቪን ንግግር ተከታተለ። የያዘውን ማስታወሻ ጠርዞ ላከለት። በ1813 ረዳቱ ሆኖ ተቀጠረ። ስሙ በዓለም ከታወቀ በኋላም ለማርሴት ያለውን ምስጋና በጽሑፍ አኑሯል። እህቴ፣ ያንን ልጅ ወደ ሳይንስ ካስገቡት አንዷ ራሷ ግራ የገባት ሴት ነበረች።

እስቲ ወደ መደርደሪያሽ እንሂድ። መጻሕፍቱ ጀርባቸውን ሰጥተው ተደርድረዋል አይደል? ልጅ በጀርባ አይመርጥም። ስድስት ሰባቱን አውጪና ሽፋናቸውን ወደ ልጆቹ አዙሪ። በየሳምንቱ ቀያይሪያቸው። ከተረቶቹ ጋርም ቀላቅያቸው። የአንበሳ ተረት ካለ አጠገቡ እውነተኛ አንበሳ እንዴት እንደሚያድን የሚያሳየውን አስቀምጪ። ተረት የሚወድ ልጅ ሳይንስ አይወድም ያለሽ ማነው? ሥነ ጽሑፍ መማርሽ እዚህ ላይ ጉልበት ይሆንሻል። ታሪክ የት ላይ ቆም ቢል ልጅ «ከዚያስ?» እንደሚል አንቺ ታውቂያለሽ። የሳይንስ መጽሐፍም እንደዚያው ይነበባል። ከዳር እስከ ዳር አታንብቢላቸው። ሦስት ገጽ አንብበሽ ልብ በሚሰቅል ቦታ ዝጊውና «ቀሪውን ማን ይወስዳል?» በዪ።

ያረጁትን ለመጣል አትቸኩዪ። ፕላኔቶች ዘጠኝ ናቸው የሚል መጽሐፍ ይኖርሽ ይሆናል። ስምንት ናቸው ከሚል አዲስ መጽሐፍ ጋር ጎን ለጎን ዘርጊና የቱ ልክ እንደሆነ ልጆቹን አከራክሪያቸው። ዘጠነኛው ይባል የነበረው ፕሉቶ በ1930 ተገኘ፤ በ2006 የዓለም የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ማኅበር ድንክ ፕላኔት ብሎ መደበው። መጽሐፍ የታተመበትን ዓመት መመልከት ያስፈልጋል ማለት ነው። ሳይንስ አዲስ ነገር ሲያገኝ ሐሳቡን እንደሚቀይር አንዴ በዓይኑ ያየ ልጅ የሚያነበውን ይመረምራል። አሮጌው መጽሐፍሽ ይህን ያስተምርልሻል።

ንባብ የሚከብዳቸው ልጆችም መጽሐፍ ይዘው ይሂዱ። ዊልያም ካምክዋምባ የተባለውን የማላዊ ልጅ ሰምተሽ ይሆናል። በ2001 እና 2002 በደረሰው ረሃብ ቤተሰቡ የትምህርት ክፍያ አቅቷቸው ትምህርቱን አቋረጠ። 14 ዓመቱ ነበር። በአካባቢው አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነበረች። እዚያ ስለ ኃይል የሚያወራ መጽሐፍ አገኘ። የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እሱ ደግሞ እንግሊዝኛውን በደንብ አይችልም። ሥዕሎቹንና ንድፎቹን እያየ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየፈታ ገባው። ከአሮጌ ብስክሌትና ከወዳደቀ ዕቃ በነፋስ የሚሠራ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ሠርቶ ቤታቸውን በመብራት አበራ። ያንን መጽሐፍ ከእሱ በፊት ስንት ሰው ነክቶት እንደነበር እንጃ። መደርደሪያው ላይ መኖሩ ግን ጠቀመ። መጽሐፍ የምትመርጪ ከሆነ ንድፉ ግልጽ የሆነ፣ ልጆቹ በሚናገሩት ቋንቋ የተጻፈ፣ «አንተም ሞክር» የሚል ገጽ ያለው ይሁን።

ልጆቹ ለምን ቀሩ? እኔ የሚመስለኝ እንዲህ ነው። ትርዒት ሁልጊዜ ከቀደመው የበለጠ ትርዒት ይፈልጋል። አንቺ ስትሠሪ እነሱ ተመለከቱ፤ እጃቸው ሥራ ፈታ። መሐንዲሱም ሲናገር እንደዚያው። ስለዚህ በየሳምንቱ አዲስ ነገር መፈለግሽን ተዪው። አንድ ጉዳይ ያዢና ለብዙ ሳምንት አትልቀቂው። እንግሊዝ ውስጥ ብላክአውተን በሚባል መንደር ከ8 እስከ 10 ዓመት የሆኑ 25 ተማሪዎች ስለ ንቦች የራሳቸውን ጥያቄ አንስተው ነበር። ንቦች የትኛውን አበባ እንደሚቀስሙ ለመወሰን ቀለሙንና ያለበትን ቦታ አንድ ላይ ማገናዘብ ይችላሉ ወይ የሚል ነው። ሙከራውን ከአንድ ሳይንቲስት ጋር አብረው ሠሩ። ውጤቱ በ2010 ባዮሎጂ ሌተርስ በተባለ የሳይንስ መጽሔት ላይ ታተመ። ሥዕላዊ መግለጫዎቹ በቀለም እርሳስ የተሠሩ ናቸው። ልጆች የአዋቂዎችን ሳይንስ ከማየት አልፈው የራሳቸውን መሥራት ይችላሉ ስልሽ ይህንን ይዤ ነው።

ላንቺ ጨረቃን እመርጥልሻለሁ። ለሁሉም ትታያለች፣ ማንም አያስከፍልባትም። ለእያንዳንዱ ልጅ ትንሽ ደብተር ስጪ። ማታ ማታ ጨረቃን ያያትና ቅርጿን፣ ሰዓቱን፣ የት ጋ እንዳያት ያሠፍራል። ካላያትም «አላየሁም» ብሎ ይጽፋል፤ እሱም መረጃ ነው። ቅዳሜ ደብተራቸውን ያስተያያሉ። በየቀኑ እየዘገየች እንደምትወጣ ራሳቸው ይደርሱበታል። በአማካይ 50 ደቂቃ ገደማ ነው፤ አንቺ ግን አትንገሪያቸው። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ሳለ ጨረቃን ያየ ልጅ ሮጦ ይመጣል። ከዚያ ቅርጿ ለምን እንደሚለዋወጥ ጠይቂ። ብዙዎቹ «የምድር ጥላ ሸፍኗት ነው» ይሉሻል። አዋቂዎችም እንዲህ የሚሉ አሉ። ክፍሉን አጨልሚ፣ አንድ አምፖል አብሪ፣ ለየልጁ ነጭ ኳስ ስጪ። ክንዱን ዘርግቶ ኳሱን ከራሱ ትንሽ ከፍ አድርጎ ይያዝና በቦታው ቀስ ብሎ ይዙር። አምፖሉ ፀሐይ፣ ጭንቅላቱ ምድር ነው። ኳሱ ላይ ያለው ብርሃን ሲያድግና ሲቀንስ በገዛ እጁ ላይ ያየዋል። አንድ ምሽት ደግሞ ወላጆችን ጨምራችሁ ውጡ። ሙሉ ጨረቃ አትጠብቂ። ግማሽ ስትሆን ይሻላል፤ ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ ጥላው ስለሚረዝም ጉድጓዱና ተራራው በተራ ባይኖኩላር እንኳ ይለያል።

መሐንዲሱን መልሰሽ ጥሪው፤ ቅር ብሎት እንዳይቀር። ስላይዱን ቤቱ ትቶ የተበላሸ ዕቃና የመፍቻ ሣጥን ይዞ ይምጣ። ሬዲዮ ወይም አሻንጉሊት መኪና ሊሆን ይችላል። ባትሪው ይውጣና ልጆቹ ይፍቱት። ቴሌቪዥንና ማይክሮዌቭ ግን አይሆኑም፤ ከተነቀሉ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። «ሠርተህ እምቢ ያለህን ነገር አጫውታቸው» በዪው። ስኬትን ብቻ የሰሙ ልጆች ሳይንስ ለማይሳሳት ሰው ብቻ ይመስላቸዋል። እንግዶችሽም የግድ ባለ ዲግሪ መሆን የለባቸውም። መካኒክ፣ ነርስ፣ የቧንቧ ሠራተኛ፣ ንብ አናቢ በየሰፈሩ አሉ።

አንቺም አንዳንዴ ከቤተ መጻሕፍቱ ግቢ ወጣ በዪ። ሁሉም ልጅ ቅዳሜን ነፃ አያገኝም፤ ቤተ መጻሕፍት ለመግባት የሚያፍርም አለ። አንድ ሣጥን መጽሐፍና ጥቂት አጉሊ መነጽር ይዘሽ በእረፍት ሰዓት ወደ ትምህርት ቤት፣ ወይም ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ተራ ወደሚጠብቁበት ጤና ተቋም መሄድ ትችያለሽ። ኃላፊዎቹን ቀድመሽ አስፈቅጂ። ያልተዉሽን አምስት ስድስት ልጆችም ረዳት አድርጊያቸው። ለትንንሾቹ እነሱ ያስረዱ። ነገር በደንብ የሚገባው ለሌላ ሲያስረዱት ነው። እግረ መንገድሽን «እናንተ ለምን አልቀራችሁም?» ብለሽ ጠይቂያቸው። መልሳቸው ከኔ ምክር ሊበልጥ ይችላል።

ወላጆች ስለ ፈተና ሲጠይቁሽ አትሸማቀቂ፤ ያልተረጋገጠ ተስፋም አትስጪ። ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው። «ልጃችሁ እዚህ ያነባል፣ ያየውን ይጽፋል፣ ያሰበውን በሰው ፊት ያስረዳል። አንድ ቀን አብራችሁት ተቀመጡና እዩት» በያቸው። ኳሱንና አምፖሉን አብራ ያየች እናት ያንን ጥያቄ የምትደግመው አይመስለኝም።

አሁን ልጅሽ። መጀመሪያ ልጠይቅሽ፤ ቅዳሜ የምትመጣው ወዳ ነው? ከደብዳቤሽ እንደተረዳሁት ምርጫ ያላት አይመስልም። በሳምንቱ መጨረሻ እናትን ከብዙ ልጆች ጋር መካፈል ለአሥር ዓመት ልጅ ቀላል አይደለም። እናቷ በሰው ፊት ስትጨነቅ ማየትም ይከብዳታል። ልጅ እጁን ሲያወጣ የምትደነግጪውን እሷ ከኋላ ሆና ታይሻለች። «ለጎበዞች ነው» ያለችው ከዚያም የመጣ ሊሆን ይችላል። ልወቅስሽ አይደለም። እንዲያውም ደስ ይበልሽ፤ ፍርሃትሽ ሲለቅሽም የምታየው ከዚያው ወንበር ላይ ሆና ነው።

ደግሞ ይህን የምታስበው እሷ ብቻ አይደለችም። በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት አለ። በአምስት ዓመታቸው ሴት ልጆችም ወንዶችም «በጣም በጣም ብልህ» የሆነውን ሰው ምረጡ ሲባሉ የራሳቸውን ጾታ እኩል ይመርጡ ነበር። ከስድስት ዓመት ጀምሮ ግን የራሳቸውን ጾታ የሚመርጡት ሴቶች ቀነሱ። ጨዋታ ሰጥተው «ይሄ በጣም ብልህ ለሆኑ ልጆች ነው» ሲሏቸው የሴቶቹ ፍላጎት ከወንዶቹ አነሰ። «በጣም ለሚጥሩ ልጆች ነው» ሲባል ግን ልዩነት አልታየም። በ1983 በታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 4,807 ልጆች ሳይንቲስት ሣሉ ተብለው ሴት የሣሉት 28 ብቻ ነበሩ። ሁሉም ሴት ልጆች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየተሻሻለ መጥቷል። ቢሆንም ቤትሽም ሆነ ቅዳሜ «ጎበዝ» የምትለውን ቃል ቆጥቢያት። «እንዴት ደረስሽበት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።

ሥዕል መሣሏንም እንደ መሸሽ አትቁጠሪው። ማሪያ ሲቢላ ሜሪያን በ1647 የተወለደች ሠዓሊ ነበረች። ከ13 ዓመቷ ጀምሮ አባጨጓሬ እያረባች፣ ወደ ሙሽሬ (በሽፋን ተጠቅልሎ ወደሚቆይበት ደረጃ) ከዚያም ወደ ቢራቢሮ ሲለወጥ እያየች ትሥል ነበር። በዚያን ጊዜ ነፍሳት ከጭቃ ይፈጠራሉ ብለው የሚያምኑ ሰዎች ብዙ ነበሩ። በ1699 ከልጇ ጋር በመርከብ ደቡብ አሜሪካ ወደምትገኘው ሱሪናም ተጓዘች። እናትና ልጅ አብረው! የዚያ ጉዞ ሥራዋ በ1705 ታተመ፤ እስከ ዛሬም በነፍሳት ጥናት ትልቅ ቦታ አለው። ሥዕሎቿ የሚገኙበት መጽሐፍ ካገኘሽ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተዪው። «ተመልከቺ፣ አየሽ!» እንዳትያት። ነገሩ ወደ ትምህርት ከተቀየረባት ትዘጋዋለች።

ለዚህ ቅዳሜ ግን ምርጫ ስጫት። «መምጣት ግዴታሽ አይደለም። ብትመጪ ደስ ይለኛል፤ ባትመጪም አልቀየምሽም» በያት። ቤት የምትቀር ከሆነ አብሯት የሚሆን ሰው ፈልጊ። ለሁለታችሁ ብቻ የሚሆን፣ ሳይንስ የሚል ስም የሌለው ሰዓትም ይኑራችሁ። እሷ የምትሥለውን እያየሽ አጠገቧ ተቀመጪ። አንድ ነገር ከጠየቀችሽ ለመመለስ አትሩጪ፤ «አንቺ ምን ይመስልሻል?» በያትና ስሚያት። አንድ ጥያቄ ደግሞ ለራስሽ አለኝ፣ መልሱን ለኔ መጻፍ የለብሽም። ልጅሽ ሳይንስን እንድትወድ የምትፈልጊው ለእሷ ብለሽ ነው ወይስ አንቺ በልጅነትሽ ስለሸሸሽው? ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ ምንም ክፋት የለውም። ግን ሁለተኛው ከበዛ ሸክሙ እሷ ላይ ያርፋል። ሳይንቲስት ላትሆን ትችላለች። ሠዓሊ ሆና ዓለምን በደንብ የምታይ ሰው ብትሆን ምን ትከስሪያለሽ?

የቀረው አለቃሽ ነው። እሱ ሳይጠራሽ አንቺ ሂጂ። አዳራሹን መልሺለት፤ አምስት ስድስት ልጅ የልጆች ክፍል ውስጥ ይበቃዋል፣ መጻሕፍቱም እዚያው ናቸው። በምትኩ ሦስት ወር ስጠኝ በዪው። የሚቆጠረው ደግሞ የመጣው ሕፃን ብዛት ብቻ አይሁን። ስንት የሳይንስ መጽሐፍ ወጣ፣ ስንት ልጅ ተመልሶ መጣ፣ ልጆቹ ስንት ጥያቄ ጻፉ የሚለውንም መዝግቢ። ለጥያቄዎቹ አንድ ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፊ፤ ሁሉም የራሱን ይጻፍበት፣ መልስ ሲገኝ የተገኘበት መጽሐፍ ስም ከሥሩ ይጻፍ። የሦስት ወሩ ቆጠራ እንዲታመን ዛሬ ያለውን ቁጥር ሰኞ ዕለት ከመዝገብሽ አውጥተሽ ያዢ። ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግሞ የሻማው ልጅ ራሱ ይጻፈው። ቅዳሜን ሳትጠብቂ ቤተሰቡን አግኚና «ያንን ጥያቄህን አልረሳሁትም፣ አብረን እንሞክረዋለን» ብለሽ ላኪበት።